ያለ ገመድ የተገዛው አውራ በግ

ኮምቦልቻ ከተመለስን ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መንዝ ብርድ ነው። አዎ፣ ይበርዳል። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬ ከፊቴ ተለይቶ ለብቻው የሚኖር ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ብዕር ያነሳሁት ስለ ብርዱ አይደለም። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ ወዳጆቼ፣ ሁለት ወንዶች ከኮምቦልቻ እስከ ግሼ ራቤል ስለ ንግድና ስለ ወለድ እየተከራከሩ ሲጓዙ የእኔ ትዳር በክርክራቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት እንደሄደ ላወራችሁ ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔም ያስቀኝ ነበር፣ እየፈራሁ።

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። አባዬ፣ ሼህ እንድሪስ፣ በወጣትነቱ ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው እየዞረ ኪታብ የቀራ፣ የሃይማኖት መጻሕፍት የተማረ፣ የወሎ ሰው ነው። የድሮ ሊቃውንት ስለ ሽያጭ የጻፉትን ሲያወራ ትናንት ማታ አብረውት እራት የበሉ ይመስላል። ኑሩ ደግሞ ባንክ ውስጥ፣ ከወለድ ነፃ በሚባለው ክፍል ይሠራል። እኔን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባዬ ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ፣ «ልጁን አልጠላሁትም፤ እንጀራውን ግን አላወቅኩትም» ብሎ ሸኛቸው። የባንኩ ትርፍ ንግድ ነው ወይስ ጥምጣም የጠመጠመ ወለድ? ይህ ሳይለይለት እኔን አይድርም። እኔ ዘሃራ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጉዞ ግን ሐሳቤን የጠየቀኝ የለም።

አባዬ በየዓመቱ ራቤል የሚሄደው በጎቹን ለማየት ነው። እዚያ ጋሽ ወርቅነህ የሚባሉ የልብ ወዳጅ አሉት። በጎቹ የአባዬ፣ ጥበቃው የጋሽ ወርቅነህ፣ ግልገሉ እኩል ለእኩል። ዘንድሮ «ኑሩም ይምጣ፤ ሰው በመንገድ ይታወቃል» አለ። እማዬ እኔንም ጨመረችኝ። «ሁለቱ ብቻቸውን ከሄዱ አንዱ ብቻ ነው የሚመለሰው» ብላ።

የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ ተነሳን። አባዬ መሃል፣ እኔና ኑሩ ግራና ቀኝ። አቀማመጡን ማን እንዳወጣው አትጠይቁኝ።

ከሚሴ ሳንደርስ ተጀመረ።

«ባንክህ ብረት ልግዛ ላለው ሰው ምን ያደርግለታል?» አለ አባዬ፣ የማያውቅ መስሎ።

«ብረቱን ባንኩ ራሱ ይገዛል፣ ሼህ። ከዚያ የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን በግልጽ ተናግሮ በዱቤ ይሸጥለታል። ሙራባሃ ነው። በድሮዎቹም ኪታብ ያለ ነው።»

«በድሮዎቹ ኪታብ ያለው ነጋዴ ብረቱን አስጭኖ፣ ዝገቱን ችሎ፣ ሽፍታውን ፈርቶ ነው የሚሸጠው። ያንተ ባንክ ለስንት ጊዜ ነው የብረቱ ባለቤት?»

«ሁለተኛው ወረቀት እስኪፈረም…»

«የአንድ ማስነጠስ ያህል!» አለ አባዬ። ከፊታችን የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩን።

«የዛሬ ሊቃውንት ጉባኤ ተቀምጠው ተወያይተውበታል እኮ። ሰነዱን የተረከበ ዕቃውን እንደተረከበ ይቆጠራል ብለዋል። ባሕር ላይ ያለ ብረት እንዴት ተደርጎ በእጅ ይያዛል?»

«መርከብ ድሮም ነበረ። ቢሰምጥስ የማን ነው?»

«የባንኩ ነዋ!»

«ሰምጦ፣ ባንኩ ደረቱን ሲመታ ባየሁ!»

እንግዲህ የክርክራቸው ሥር ይኸው ነው፤ የቀረው ቅርንጫፍ ነው። ኪሳራውን ያልተሸከመ ትርፉን አይበላም፤ በዚህ ላይ ድሮም ዛሬም አንድ ቃል ናቸው። ልዩነቱ ተሸካሚነቱ የሚጀምረው መቼ ነው የሚለው ላይ ነው። የአባዬ ኪታቦች ዕቃው እጅህ ሲገባ ይላሉ። የኑሩ ጉባኤዎች ወረቀቱም እጅ ነው ይላሉ። አባዬ የሚፈራው ወረቀቱ ለትርፍ ሲሆን ፈጥኖ እጅ ሆኖ፣ ኪሳራ ሲመጣ ተመልሶ ወረቀት እንዳይሆን ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ይህንኑ እፈራ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ የእኛኑ አገር አስመሰለውና ኑሩ ልቡ ሞቀ መሰለኝ፣ «ሼህ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በግ ሰጥቶ ግልገል እኩል መካፈልን ብዙዎቹ የድሮ ሊቃውንት አልፈቀዱትም አይደል? የእርስዎ የራቤል በጎች በየትኛው ኪታብ ነው የሚወልዱት?» አለ። አባዬ ሳል ያዘው። ሳሉ እስከ ደብረ ሲና አልለቀቀውም። ዳገቱን ስንጀምር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የፈቀዱም አሉ» አለ በቀጭኑ። እኔ ሻሼን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቄን ዋጥኩ።

ከጣርማበር በቅጥቅጥ ተሳፍረን ወደ መዘዞ ታጠፍን። የኮምቦልቻ ተራራ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ከተራራው አናት ላይ ነው ሜዳው። ሰዉ በርኖስ ደርቦ፣ ቆብ ደፍቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጣል። ሞላሌ ልንገባ ስንል ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ ክሪኩን ሲፈልግ፣ አንዲት የመንገድ ዳር ሻይ ሻጭ እኔን አይታ፣ «ውይ፣ ይቺ ልጅ በነጠላ ጫማ መጣች!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። ካልሲ ከራሷ እግር አውልቃ ሰጠችኝ። ልክፈልሽ ብላት ተቆጣች። ኮምቦልቻ ውስጥ ካልሲዋን ከእግሯ አውልቃ ለመንገደኛ የሰጠች ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም፤ ብርድ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል እንዴ እያልኩ ቆሎዋን ቆረጠምኩ። ሁለቱ ጎማው አጠገብ ተጎንብሰው፣ ሰው በውሰት የወሰደው ጎማ ቢፈነዳ ኪሳራው የማን እንደሆነ ይከራከሩ ነበር።

መሐል ሜዳ አልጋ ቤት አደርን። ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቤ ተኛሁ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ «እግርሽ ሥር አድርጊው፣ ልጅ ይመስልሻል» አለችኝ። እኛ ጋ እንግዳን የምንቀበለው በቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ራቤል የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው፤ መንገዱ አንጀታችንን አቀያይሮ አወረደን። ጋሽ ወርቅነህ ከመንገዱ ዳር ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። ገመዱ የልብሳቸው አካል ነው የሚመስለው።

«ሼሁ! ዘንድሮም በቁምህ አመጣህ እግዜር!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ወርቅነህ። አንተም ቆመሃል።»

«እኔማ የሚያጋድመኝ ባጣ ነው።»

ቤታቸው የድንጋይ ነው፤ ግድግዳው አንድ ክንድ የወፈረ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች የገና ጾም ላይ ስለሆኑ ቤቱ የጾም ነበር። ለእኛ ግን ወተት አፍልተው አቀረቡ፤ ራሳቸው ሽሮ በገብስ እንጀራ በሉ። ከግድግዳው ላይ ለብቻው የተሰቀለ ድስት አለ። የአባዬ ድስት ነው፤ ሲመጣ ራሱ አርዶ የሚሠራበት፣ የክርስቲያን ሥጋ ነክቶት የማያውቅ። «ልጄ እንኳን ውሃ ልታፈላበት ብትል አልሰጣትም» አሉኝ እትዬ ዘነበች። የገብስ እንጀራ ከእኛ የማሽላ እንጀራ ይወፍራል፤ ኑሩ ሦስተኛውን ሲጠቀልል አባዬ በዓይኑ ለካው።

በጎቹ ተቆጥረው፣ ተመስግነው ካበቁ በኋላ ጋሽ ወርቅነህ አንድ ነገር አነሱ። አውራው በግ አርጅቷል፤ ነገ ገበያ ነው፤ ሌላ አውራ መግዛት ይፈልጋሉ፤ ግን ገብሱ ሳይሸጥ እጃቸው ባዶ ነው።

ኑሩ ዓይኑ በራ። ባይበራ ምን ነበረበት!

«ጋሽ ወርቅነህ፣ እኔ ባንክ ልሁንልዎት። በጉን እኔ እገዛለሁ። የገዛሁበትን ነግሬ፣ ትንሽ ትርፍ ጨምሬ እሸጥልዎታለሁ፤ ገብሱ ሲሸጥ ይከፍሉኛል።»

«ትርፉን ለምን ትጨምራለህ? እንግዳዬ አይደለህ?»

«ማሳያ እንዲሆን ነው።»

ጋሽ ወርቅነህ አባዬን አዩ። አባዬ ጋቢውን እያስተካከለ፣ «ይሁን። ነገ ባንኩ በገበያ ይታይ። ይህ ልጅ ነገ በሚያደርገው ነው ነገሩ የሚያልቀው» አለ። ነገሩ ማለት እኔ ነኝ። ወተቱ ትን አለኝ።

ሦስተኛው ቀን

የራቤል ገበያ ከእኛው ገበያ ጋር ሲነጻጸር ጩኸቱ ያንሳል፣ በጉ ይበዛል። የኮምቦልቻ ነጋዴ በማይክሮፎን ይጠራችኋል፤ እዚህ ሻጩ በጉን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከፈለግህ ና፣ ካልፈለግህ ብርድህን ይዘህ ሂድ ነው። ለገና የሚሸጠው በግ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ፣ ላቱ ድቡልቡል።

ኑሩ የባንክ ጫማውን አድርጓል። አዎ፣ የሚያብለጨልጨውን። አስቀድሞ ጋሽ ወርቅነህን ወደ ጥግ ወስዶ ሥርዓቱን አስረዳቸው፤ ሁለቱ ሽያጮች መቀላቀል የለባቸውም፤ ደንበኛው በመጀመሪያው ሽያጭ ውስጥ እጁን ማስገባት የለበትም።

«ስለዚህ እርስዎ አሁን የሉም።»

«አለሁ እንጂ።»

«እንደሌሉ ይቆጠራል። እዚያ ማዶ ገብሱ ጋ ይቁሙልኝ። እስክጠራዎት ምንም አያድርጉ።»

ጋሽ ወርቅነህ ትከሻቸውን ሰብቀው ሄዱ። ገመዱም አብሯቸው ሄደ።

ኑሩ ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ ሽማግሌ ጋ አንድ ግሩም አውራ በግ አገኘ። ቀይ ዳማ፣ ቀንዱ የተጠቀለለ፣ ሰውን ሽቅብ የሚያይ። ተከራከሩ፣ ተስማሙ፣ ብሩ ተከፈለ። ከዚያ ኑሩ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ፤ ከዚህ ፊርማ ጀምሮ በጉ የገዢው ነው፣ ተረክቤያለሁ። ጋሽ ሽፈራውም ፈረሙ። አባዬ ከጎኔ ቆሞ እጁን ከኋላው አጣምሮ ያያል። ኑሩ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ እኛ ዞሮ ፈገግ አለ። እንዴት ያምራል!

ያን ጊዜ ጋሽ ሽፈራው ጎንበስ አሉና የበጉን ገመድ ፈቱ።

እኛ ኮምቦልቻ በግ ስንገዛ ከነገመዱ እየተጎተተ ደጃችን ይደርሳል። እዚያ ግን ገመድ አይሸጥም። የበረቱ ረድኤት አብሮ እንዳይወጣ ሻጭ ገመዱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይዞ ይመለሳል፤ ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። የኑሩ ገመድ ደግሞ ገብሱ ጋ፣ በሌለ ሰው ትከሻ ላይ ነበር።

በጉ አንድ ጊዜ ኑሩን አየው። ኑሩም አየው። ከዚያ በጉ ሄደ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? በሽንኩርቱ መሃል፣ በጨው ነጋዴዋ እግር ሥር፣ በአንድ ቄስ ጃንጥላ ስር አለፈ። ኑሩም ተከተለው፣ ሽንኩርቱን ግን አላለፈውም። «ቀንዱን! ቀንዱን!» ይላል አንዱ፤ «እግሩን!» ይላል ሌላው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። እኔም ሳቅኩ፤ አላህ ይማረኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ኑሩ ጭቃው ውስጥ ተዘርግቶ ሲነሳ አንዱ ጫማው እዚያው ቀረ። ጋሽ ወርቅነህ ከማዶ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይነቃነቁ ቆመዋል።

«ጋሽ ወርቅነህ! ያዙት!» ብዬ ጮኽኩ።

«የሉም ብሎኛል እኮ!»

በጉ የገበያውን ሜዳ ጨርሶ፣ የገደሉን አፋፍ ይዞ ከዓይናችን ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ኑሩ ግን የሚለቅመውም አላገኘም።

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ሽፈራው ብሩን እጃቸው ላይ እንደያዙ መጡ።

«ልጄ፣ እንካ ብርህን። በጉ እጅህ አልገባም። ያልያዝከውን በግ ዋጋ ብበላ ማርያም ትታዘበኛለች።»

ኑሩ ቀና አለ። አባዬን አየው። አባዬም ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በቀራሁት ኪታብ ሰውዬው ልክ ናቸው። ሳይረከቡት የጠፋ ዕቃ ከሻጩ ነው የጠፋው። ብርህን መቀበል ትችላለህ» አለ።

ሳቄ ቆመ። አባዬ ወጥመድ እያጠመደ ነበር ወይስ ኪታቡን ብቻ እየተናገረ? እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። ያ ብር ትንሽ ብር እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ፤ ኑሩ ለሠርጋችን ካጠራቀመው ላይ ነው ያወጣው። እጁን ቢዘረጋ ማንም አይፈርድበትም፤ ከኮምቦልቻ ጀምሮ የተናገረው ሁሉ ግን እዚያው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በልቤ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ። ብሩን ይቀበል ወይስ አይቀበል እያልኩ እንደምለምን ራሴም አላውቀውም።

ኑሩ ደረት ኪሱ ያለውን ወረቀት በጭቃ እጁ ዳሰሰው።

«ተረክቤያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «ወረቀቱ ለትርፍ ጊዜ እጅ፣ ለኪሳራ ጊዜ ወረቀት ሊሆን አይችልም። ብሩ የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ሽፈራው። በጉ የትም ይሁን የት የኔ ነው።»

«አልበላም አልኩህ እኮ!»

«እኔም አልወስድም!»

ሁለቱም ብሩን እንደ ፍም እርስ በርሳቸው ሲወራወሩት ገበያተኛው ከበባቸው። በመጨረሻ አባዬ ገባ። «ይያዙት፣ ወንድሜ» አላቸው ጋሽ ሽፈራውን። «ሰው በራሱ ላይ ከመሰከረ ሌላ ምስክር አይፈለግም። ይሄም ኪታብ ውስጥ አለ። ልጁ ተረክቤያለሁ ብሏል፤ ተረክቧል።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ቤት ተመለስን። እትዬ ዘነበች የኑሩን ልብስ አጥበው እሳት ዳር አሰጡት፤ እሱ በጋሽ ወርቅነህ በርኖስ ተጠቅልሎ የምድጃ ጉልቻ መስሎ ተቀመጠ። ጋሽ ወርቅነህ ያጽናኑታል፤ «በግ እኮ ነው፤ በግ መንጋ ይወዳል፤ ጅብ ካልቀደመን አንዱ ጋ ይገኛል።» ጅቡን ባያነሱት ጥሩ ነበር። አባዬ ሰላቱን ሰገደ፣ ዱዓውን አስረዘመ፣ ፍርዱን ሳይነግረን ባናውን ተከናንቦ ተኛ። እኔ ግን እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

አራተኛው ቀን

ጠዋት ውርጩ ሜዳው ላይ ተነጥፎ ስንወጣ፣ እትዬ ዘነበች ከበረቱ ኋላ ወዳለው ዓለት ጣታቸውን ቀሰሩ። አውራው በግ እዚያ ላይ ቆሟል። ሌሊቱን የጋሽ ወርቅነህን በጎች ሽታ ተከትሎ መጥቶ ይሆናል፤ የመጣበትን እሱ ያውቃል። ጤነኛ ነው፣ ኩሩ ነው፣ ገመድ የለውም። ኑሩ አንድ እርምጃ ሲጠጋ በጉ ሁለት እርምጃ ይርቃል።

አባዬ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትኩስ ወተቱን ይጠጣል። ጠራኝ።

«ዘሃራ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«መህርሽ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?»

መህር ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጣት፣ እሷ ራሷ መርጣ የምትጠይቀው ነው። ኒካህ ሊታሰር ካልሆነ ደግሞ ማንም አባት ልጁን ስለ መህር አይጠይቅም። ኑሩ ዓለቱ ሥር እንደቆመ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ፤ ሰምቷል። ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላውቅም። ከአፌ የወጣው ግን ይኸው ነው፤

«ያ በግ!»

አባዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ግን የሼህ ፊት ነው። «ያመለጠ እንስሳ መህር አይሆንም። መያዙ ያልታወቀ ነገር ውል ውስጥ አይገባም። በዚህ የድሮዎቹም የዛሬዎቹም አንድ ናቸው።»

«እውነት ነው፣ ሼህ» አለ ኑሩ ከዓለቱ ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምቶ።

«ለእኔ ሌላ አውራ አይጠፋም» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ይኼ ለልጅቷ ይሁን።» ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው ለኑሩ ወረወሩለት።

ኑሩ ገመዱን ቀልቦ፣ የቀረችውን አንድ ጫማ አውልቆ ጥሎ፣ ዳገቱን ያዘ። በጉም ዳገቱን ያዘ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ በቀኝ በኩል ሮጥኩ፤ እትዬ ዘነበች «ኧረ ገደል አለ!» እያሉ በግራ። ዞር ብዬ ሳይ አባዬ ተነስቷል፤ ጋቢው ከትከሻው ወድቋል፤ ወተቱ ተደፍቷል፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ተራራው በሚያስተጋባው ድምፅ ይጮኻል፦

«በእጅህ፣ ልጄ! በእጅህ ያዘው!»